ቴሬዝ ደ ዲልሞን፦ የክሩን ስምና ቁጥር ጽፋ ያለፈች ባለሙያ



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ከሞተች ከ130 ዓመት በላይ የሆናት የአንዲት ባለሙያ ታሪክ ነው። ስሟ ቴሬዝ ደ ዲልሞን ይባላል። ወደ እሷ ታሪክ ያደረሰን የራሳችን ስሕተት ስለሆነ አስቀድመን እሱን እንናገር።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የወላጅ እናታቸው እጅ ሥራ የሆነ የጠረጴዛ ልብስ ይዘው ወደ ማኅበራችን መጡ። የጨርቁ ዙሪያ በኪሮሽ የተሠራ ቀጭን ዳንቴል ነው። አንደኛው ጎን በእርጅና ተበጣጥሷል። እሳቸው የፈለጉት የተበጣጠሰው ጎን ያንኑ በሚመስል ዳንቴል ተተክቶ ለልጃቸው ሠርግ እንዲደርስላቸው ነበር። ከጨርቁ ጋር ታጥፋ የኖረች ትንሽ ወረቀት ነበረች፤ በላይዋ ላይ በእርሳስ የተጻፈው 40 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። የክር ቁጥር መሆኑን ሁላችንም ተረዳን፤ ደስም አለን። መርካቶ ሄደን 40 ቁጥር የኪሮሽ ክር ገዛን። ሁለት እህቶቻችን ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሠሩት።

ሥራው አልቆ ከአሮጌው ጎን ሲዘረጋ ግን ሁላችንም ዝም አልን። አሮጌው ዳንቴል ሁለት ጣት ሲሆን የእኛው ሦስት ጣት ሆኗል። አበባው ያው ነው፤ የዓይኖቹም ብዛት ያው ነው፤ የወፈረው ክሩ ብቻ ነው። እናታችን ክፉ ቃል አልተናገሩም። የተስማማነውን ገንዘብ ለድካማችሁ ብለው ሊከፍሉን ቢፈልጉም አልተቀበልንም፤ ጨርቃቸውን አጥፈው ይዘው ሄዱ። ሠርጉም ያለዚያ ጨርቅ አለፈ። እኛም የክሩን ዋጋ በሒሳብ መዝገባችን ኪሳራ ብለን ጻፍነው። የሁለቱ እህቶች የሦስት ወር ማታ የሚጻፍበት ዓምድ ግን በመዝገቡ ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ከአባሎቻችን አንዷ ከስፌት አስተማሪዋ የወረሰችውን ወፍራም የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ይዛልን የመጣችው። ቋንቋውን ባናውቅም ሥዕሎቹን ማየት አላቃተንም። ዓይናችንን የያዘው ከሥዕሎቹ ሥር ያለው ጽሑፍ ነው፤ በየቦታው ዲ.ኤም.ሲ. የሚሉ ፊደላትና ቁጥሮች ተደርድረዋል። እነዚህን ፊደላት ብዙዎቻችን ከጥልፍ ክር ላይ እናውቃቸዋለን። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ለምነን ስናስነብብ፣ ለየሥራው የሚሆነው ክር በዓይነቱና በቁጥሩ የተጻፈ መሆኑን ነገረን። ያን መጽሐፍ ያዘጋጀችው ቴሬዝ ናት። እኛ በአንዲት ወረቀት ላይ ያጣነውን ነገር እሷ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሥራዎች ጽፋው ኖራለች።

ልጅነቷና የቪየና ዘመኗ

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቴሬዝ የተወለደችው ጥቅምት 10 ቀን 1846 በኦስትሪያ፣ ከቪየና በስተ ደቡብ በምትገኘው በቪነር ኖይሽታት ከተማ ነው። አባቷ በከተማዋ በነበረው የጦር አካዳሚ ያስተምሩ ነበር። እሷ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበረች። ገና ልጅ ሳለች አባቷ ሞቱ፤ እናቷም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ቪየና ገቡ።

አባት የሞተበት ቤት ምን እንደሚሆን ለእኛ አባላት ማስረዳት አያስፈልግም። ቤተሰቡ የማዕረግ ስም የነበረው ቢሆንም ስም ብቻውን እንጀራ አይሆንም። በዚያ ዘመን በቪየና ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አትችልም ነበር፤ በሩ ለሴቶች የተከፈተው በ1897፣ ቴሬዝ ከሞተች በኋላ ነው። ከጨዋ ቤት ለወጣች ልጅ ሳታፍር ልትሠራባቸው ከምትችላቸው ጥቂት ሙያዎች አንዱ የመርፌ ሥራ ነበር። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቤት ጨዋታ እንጂ እንደ ሥራ አይቆጠርም ነበር።

ቴሬዝና እህቷ ፍራንሲስካ ግን እንደ ሥራ ያዙት። በቪየና የጥልፍ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። እጅን ማስተማር እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ የምታውቁ እህቶች ታውቁታላችሁ። የሠለጠነች ባለሙያ እጇ የሚያደርገውን ሁልጊዜ በአፏ መናገር አትችልም፤ እንዲህ ነው፣ እዪኝ፣ ትላለች እንጂ። ተማሪዋ ከጎኗ እስካለች ድረስ ይህ ይበቃል። አስተማሪዋ ስትታመም፣ ስትርቅ ወይም ስትሞት ግን ትምህርቱ እዚያው ይቆማል። ቴሬዝ በኋላ ባዘጋጀችው መጽሐፍ መቅድም ላይ ያስቀመጠችው ዓላማ፣ አንዲት ሴት ያለ አስተማሪ ብቻዋን ተቀምጣ ልትማርበት የምትችል ሥራ ማውጣት ነው።

የጥንቱ ዳንቴል ከምን ክር ተሠራ?

የቴሬዝን ሥራ ዋጋ ለመረዳት በእሷ ዘመን ዳንቴል በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ማወቅ ይጠቅማል።

ዳንቴል በአውሮፓ የተስፋፋው ከ1500ዎቹ ጀምሮ በጣሊያንና በፍላንደርስ፣ ማለትም በዛሬዋ ቤልጅግ አካባቢ ነው። አንዱ ዓይነት በመርፌና በአንድ ክር ብቻ፣ በወረቀት ወይም በብራና ላይ በተነደፈ ሥዕል ላይ እየተሰፋ ይሠራል። ሌላው ዓይነት ክሩ እንደ ሸማኔ ቀሰም ባሉ ትንንሽ እንጨቶች ላይ ተጠምጥሞ፣ ትራስ ላይ በስፒል እየተያዘ ይጎነጎናል። እኛ የምንሠራው የኪሮሽ ዳንቴል ከእነዚህ በኋላ የመጣ ነው። በአየርላንድ በ1840ዎቹ ድንች ጠፍቶ ረሃብ በገባ ጊዜ ብዙ ሴቶች የጥንቱን የቬኒስ ዳንቴል በኪሮሽ እያስመሰሉ በመሥራትና በመሸጥ ቤተሰባቸውን አኑረዋል።

የጥንቱ ዳንቴል ክር ጥጥ አልነበረም፤ የተልባ ክር ነበር። እኛ ተልባን የምናውቀው ለፍሬው ነው። አውሮፓውያን ግን ከግንዱ ልጥ የሚወጣውን ቃጫ ይፈትሉታል፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን የተልባ እግር የሚለው ከዚህ የሚሠራውን ጨርቅ ነው። በአገራችን የሴትን ሙያ ሲያመሰግኑ ቀጭን ፈታይ ይባላል። የፍላንደርስ ፈታዮች በዚህ ስም ቢጠሩ ያምርባቸው ነበር። የተልባ ቃጫ በደረቅ አየር ይበጠሳልና እርጥበት ባለው ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ አንዲት የብርሃን ጨረር ብቻ ክሩ ላይ እንድታርፍ ይደረጋል፤ ክሩ እንዲታይም ከበስተጀርባው ጥቁር ወረቀት ይደረጋል። ቀን ሙሉ እንዲያ መቀመጥ ዓይንንም ጤናንም የሚጎዳ ሥራ ነበር። ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የምናየው የብራስልስ ዳንቴል የተሠራው በዚህ ክር ነው። ያን ያህል የቀጠነ የተልባ ክር ዛሬ በማሽን አይፈተልም፤ ስለዚህ ያንን ዳንቴል ልድገም የምትል ሴት የመጀመሪያ ችግሯ ሞያ ሳይሆን ክር ነው።

ከ1800ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። በእንግሊዝ በ1809 የዳንቴል መረብ የሚሠራ ማሽን ወጣ። በማሽን የተፈተለ የጥጥ ክር ደግሞ የተልባውን ቦታ ያዘ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ አይበጠስም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። ነገር ግን ጥጥ እንደ ተልባ አይደለም። የተልባ ቃጫ ረጅምና ለስላሳ በመሆኑ ዳንቴሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የጥጥ ጭረት አጭርና ጸጉራም በመሆኑ ዳንቴሉ ይልማል። በዓይን ባይለይ እንኳ በእጅ ይታወቃል።

ክሩ ሲለወጥና ማሽኑ ሲገባ ባለሙያዎቹም እየጠፉ ሄዱ። በቬኒስ አጠገብ ባለችው በቡራኖ ደሴት የሆነውን እንንገራችሁ። በ1872 ከባድ ክረምት መጥቶ ባሕሩ በረዶ ሆነ፤ የደሴቲቱ ሰዎች ዓሣ አጥማጆች ነበሩና ተቸገሩ። መላ ሲፈለግ ቡራኖ ድሮ በዳንቴል የታወቀች እንደነበረች ትዝ አላቸው። የጥንቱን ስፌት በትክክል የምታውቅ ሴት ስትፈለግ የተገኘችው ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ቼንቻ ስካርፓሪዮላ የሚሏት ሰባ ዓመት ገደማ የሆናት አሮጊት። እጇ ያውቃል፤ ማስተማር ግን አትችልም። ስለዚህ አና ቤሎሪዮ ዴስቴ የምትባል የትምህርት ቤት አስተማሪ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀምጣ እጇን እያየች ተማረች፤ ከዚያም ለደሴቲቱ ልጃገረዶች አስተማረች። አንድሪያና ማርቼሎ የሚባሉ የመኳንንት ወገን እመቤት ትምህርት ቤቱን ደገፉ። ሥራው እንደገና ለብዙ ቤት እንጀራ ሆነ። ያቺ አሮጊት ጥቂት ዓመት ቀድማ ብትሞት ኖሮ ግን ሁሉም አብሯት ይቀበር ነበር።

ወደ ዶርናክ

በ1884 ቴሬዝ ከእህቷ ጋር ያቋቋመችውን የቪየናውን ሥራ ትታ ወደ አልዛስ ሄደች። አልዛስ ዛሬ የፈረንሳይ ክፍል ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን ከ1871 ጦርነት በኋላ በጀርመን እጅ ነበረች። እሷ የተቀመጠችው በሙሉዝ ከተማ አጠገብ፣ ዶርናክ በሚባል ስፍራ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ሊሞላ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ የሚታወቅ ሥራን ትቶ ወደ ሌላ አገር መሄድ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ወደዚያ የሳባት የክር ፋብሪካ ነው። ዲ.ኤም.ሲ. የሚሉት ፊደላት ዶልፉስ-ሚግ እና ኩባንያው ማለት ናቸው። ድርጅቱ በ1746 በሙሉዝ የተጀመረው ሥዕል የታተመበት የጥጥ ጨርቅ በመሥራት ነው። በ1800 ከቤተሰቡ አንዱ አግብቶ የሚስቱን የቤተሰብ ስም፣ ሚግ የሚለውን፣ ከራሱ ስም ጋር ሲያጣምር የዛሬው ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ወደ ስፌትና ጥልፍ ክር ገባ። ቴሬዝ በመጣችበት ጊዜ ከወፍራም እስከ እጅግ ቀጭን ብዙ ዓይነት ክር ያመርት ነበር። የጎደለው ነገር ቢኖር ሴቶች በየትኛው ክር ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ የሚነግራቸው ሰው ነው።

ቴሬዝ ያንን ታውቅ ነበር። በዶርናክ የራሷን የጥልፍ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ከፋብሪካውም ጋር ተባብራ መጽሐፏን ማዘጋጀት ጀመረች። የእጅ ሥራ ኢንሳይክሎፔዲያ ተብሎ የታወቀው ይህ መጽሐፍ በ1886 ወጣ፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት መሆኑ ነው። መጠኑ በእጅ የሚያዝ ትንሽ፣ ውፍረቱ ግን ከባድ ነው፤ በውስጡም ከአምስት መቶ በላይ ሥዕሎች አሉት።

መጽሐፉ የሚጀምረው በጌጥ ሥራ አይደለም። የሚጀምረው በተራ ስፌት ነው፤ እጅ እንዴት እንደሚያዝ፣ መርፌ እንዴት እንደሚመረጥ። መርፌው ከክሩ ጥቂት ይወፍር፣ ክሩ በቀላሉ እንዲያልፍ መንገድ ይክፈትለት ትላለች። ክሩ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ በመቀስ ይቆረጥ እንጂ በእጅ አይበጠስ፣ መበጠስ ያደክመዋልና። ቀጥሎ ጠቀማና ጥገና ይመጣል፤ ምስጋና የማያስገኝ ግን የማይቀር ሥራ መሆኑን ሳትሸሽግ ታስተምረዋለች። ከዚያ በኋላ ነው ጥልፉ፣ ሹራቡ፣ ኪሮሹ፣ የአየርላንዱ ዳንቴል፣ በመርፌና በትራስ ላይ የሚሠሩት ዳንቴሎች የሚመጡት። ስብስቡም የአንድ አገር ብቻ አይደለም፤ የግብፅ፣ የቱርክ፣ የቡልጋሪያ፣ የቻይና ሥራዎች ገብተውበታል።

ከሌሎች መጻሕፍት ገልብጣ አላሳተመችም። በመጽሐፉ ያሉት ናሙናዎች፣ የሹራቡና የኪሮሹ ሳይቀሩ፣ ለመጽሐፉ ሲባል እንደ አዲስ ተሠርተዋል። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ በትክክል ለመጻፍ እየሠሩ መጻፍ ያስፈልጋል ብላ ስላመነች ነው። ከሥዕሉም ሥር የሚያስፈልገው ክር ዓይነትና ቁጥር ይሰፍራል። ለምሳሌ የአልዛስ ክር የሚባለው ቀጭን የስፌት ክር በመጽሐፉ ውስጥ እስከ 700 ቁጥር ድረስ ይጠቀሳል፤ የዳንቴል ክር የሚባለው ደግሞ የራሱ ስምና የራሱ ቁጥሮች አሉት። ሁለቱ አይደባለቁም።

እዚህ ላይ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ይህ መጽሐፍ ማስታወቂያም ነበር። የሚጠቀሱት ክሮች ሁሉ ፋብሪካው የሚሸጣቸው ናቸው፤ የጥንቱ ዳንቴል በተልባ ክር የተሠራ ሲሆን እሷ በብዛት የምታዝዘው ጥጥ ነው። ቴሬዝ ነጋዴም ነበረች፤ አልደበቀችውም። ግን ንግዱ ትምህርቱን አላበላሸውም። ዛሬ ያ ክር ባይገኝ እንኳ፣ ስሙና ቁጥሩ በመጻፉ ብቻ ተመጣጣኙን መፈለግ ይቻላል። በልቧ ይዛው ብትቀር ኖሮ ለእኛ ምንም አይደርሰንም ነበር።

ቁጥር ያለ ስም

ቁጥር ብቻውን ለምን እንዳሳሳተን የገባን ከዚህ በኋላ ነው። ነገሩ መዝገብ ላይ 40 ብቻ ተጽፎ ኩንታል ይሁን ኪሎ እንዳልተገለጸ ነው። ሒሳቡን በቀላሉ እናስረዳ።

የጥጥ ክር በእንግሊዞች አቆጣጠር የሚለካው በአንድ ፓውንድ፣ ማለትም በ454 ግራም ገደማ ክብደት ውስጥ ስንት ልቃቂት እንደሚወጣ በመቁጠር ነው። አንዱ ልቃቂት 840 ያርድ፣ 768 ሜትር ገደማ ነው። 40 ልቃቂት ከወጣ ክሩ 40 ቁጥር ነው፤ 100 ከወጣ 100 ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። ከግማሽ ኪሎ የማይሞላ 100 ቁጥር ነጠላ የጥጥ ክር ቢዘረጋ ከ76 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጆን ያልፋል ማለት ነው።

የተልባ ክር ግን በሌላ ልቃቂት ይለካል፤ የእሱ 300 ያርድ ብቻ ነው። 840 ለ300 ሲካፈል 2.8 ይመጣል። ስለዚህ ቁጥራቸው እኩል ከሆነ የተልባው ክር በተመሳሳይ ርዝመት ከጥጡ 2.8 እጥፍ ይከብዳል። 280 ቁጥር የተልባ ክርን የሚመስል የጥጥ ክር የምትፈልግ ሴት 280 ቁጥር ጥጥ ሳይሆን 100 ቁጥር ጥጥ መፈለግ አለባት።

ሌላም አለ። ገበያ ላይ ያለው ክር ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ነጠላ ተገምዶ የተሠራ ነው። 100 ቁጥር ሁለት ላይ ሲገመድ የ50 ቁጥር ያህል ይከብዳል። በዚህ ላይ የኪሮሽና የጥልፍ ክር አምራቾች የየራሳቸውን ቁጥር ያወጣሉ። 40 ቁጥር የስፌት ክርና 40 ቁጥር የኪሮሽ ክር በአንድ ስም ቢጠሩም በመጠን አይገናኙም፤ የኪሮሹ በጣም ይወፍራል። እኛን የበላን ይኸው ነው። ያቺ የቀድሞዋ ባለሙያ ዳንቴሏን የሠራችው፣ አሁን እንደተረዳነው፣ በስፌት ክር ነው። ቁጥሩን ጻፈችው፤ ስሙን ግን ለእሷ ግልጽ ስለነበር አልጻፈችውም።

አጭር ዕድሜ፣ ረጅም ስም

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ቴሬዝ በብዙ አገር ታወቀች። መጽሐፉ በ17 ቋንቋዎች ተተረጎመ። በስሟ የሚጠሩ የእጅ ሥራ ሱቆች በቪየና፣ በለንደን፣ በፓሪስና በበርሊን ነበሯት። ልጅ ሳለች አባቷን አጥታ እናቷን ተከትላ ከተማ የገባች ሴት፣ በአራት ታላላቅ ከተሞች ንግድ ያቆመችው በመርፌና በክር ነው። በ1889 ዮሴፍ ሾይርማን የሚባል የቪየና ነጋዴ አገባች። በትዳር ግን ብዙ አልቆየችም። ግንቦት 22 ቀን 1890 በጀርመን አገር በባደን-ባደን ከተማ ሞተች። ዕድሜዋ 43 ነበር፤ መጽሐፉ ከወጣም ገና አራት ዓመቱ ነው።

ስሟ ግን ሥራውን አላቆመም። ተመሳሳይ ስም ያላት የወንድም ወይም የእህት ልጅ ሥራዋን ተረከበች። ፋብሪካውም ስለ ኪሮሽ፣ ስለ ማክራሜ፣ ስለ ዳንቴል የሚያስተምሩ ብዙ መጻሕፍትን በዲልሞን ስም ለብዙ ዓመታት አወጣ። በዚህም ምክንያት ስሟ ቀስ በቀስ እንደ ንግድ ምልክት ሆነ። መጽሐፏን በቤታቸው የያዙ ብዙ ሴቶች በሕይወት የነበረች ሰው መሆኗን እንኳ ሳያስቡ ኖረዋል። መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ እየታተመ ነው፤ ያረጀ ዳንቴል የሚጠግኑ ሰዎች አሁንም ይከፍቱታል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ከዚህ ታሪክ በኋላ ምን እንዳደረግን ደግሞ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ወደ እኚያ እናት ቤት ሄደን ጨርቁን መልሰን ለመንናቸው። እሳቸውም አልከለከሉንም። ከተበጣጠሰው ጎን የተንጠለጠለ ጥቂት ክር በጥንቃቄ ወሰድን። በእርሳስ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርገን ክሩን ሳንጎትትና ሳንደርብ ጎን ለጎን ጠመጠምነው፤ ስንት ዙር እንደገባም ቆጠርን። ከዚያ የገዛነውን የኪሮሽ ክር በዚያው እርሳስ ላይ ስንጠመጥም የገባው ዙር በጣም ያነሰ ነበር። ሦስት ወር ሳንደክም በፊት አምስት ደቂቃ ብንቆጥር ኖሮ ስሕተቱ በታወቀ ነበር።

ቀጥለን እርሳሳችንን ይዘን ሱቅ ለሱቅ ዞርን። አንዳንዱ ባለ ሱቅ ሳቀብን፤ አንዳንዱ ደግሞ ወንበር ሰጠን። ዙሩ የተገጣጠመልን ባለ 40 ቁጥር የጥጥ ስፌት ክር ነው፤ ያቺ ወረቀት አልዋሸችም ነበር። የሚያብረቀርቀውን ግን ተውነው፤ አሮጌው ዳንቴል ደብዛዛ ነውና ከጎኑ ሲቀመጥ ያስታውቃል። ሁለቱ እህቶቻችን ሥራውን እንደገና ጀምረዋል፤ ይህን ስንጽፍ እኩሌታው አልቋል፤ ወርዱም ሁለት ጣት ነው። ሠርጉ ቢያመልጠንም ለልጅ ልጃቸው ክርስትና እንዲደርስ ነው አሳባችን።

ሁለተኛ፣ አንድ አዲስ መዝገብ ከፍተናል። ከእያንዳንዱ ሥራ አንድ ክንድ ክር ተቆርጦ በገጹ ላይ ይሰፋል። ከጎኑ የክሩ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ ስንት ነጠላ እንደተገመደ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስንት ዙር እንደሚገባ፣ የኪሮሹ ቁጥርና የሠራችው እህት ስም ይጻፋል። ሥራው የፈጀው ሰዓትም የራሱ ዓምድ አለው። መጻፍ ለሚከብዳቸው እናቶች እኛ እንጽፍላቸዋለን፤ እነሱ እጃቸው የሚያውቀውን ይንገሩን። ከመካከላቸው ሰማንያ ያለፋቸው አሉና ይህን ለከርሞ የምናሳድረው አይደለም።

በውጭ አገር ሆናችሁ ክር ለምትልኩልን ደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። ክሩን ስትልኩልን፣ እባካችሁ፣ የተጠቀለለበትን ወረቀትና ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አትጣሉብን። ከእናቶቻችሁ ሣጥን ያረጀ የክር እንዝርት ወይም ማጠንጠኛ ካገኛችሁም፣ ባዶ ቢሆን እንኳ፣ ስሙና ቁጥሩ ካልጠፋ ለእኛ ይጠቅመናል።

ሰላም ሁኑልን።